ማንን ነው የጻፈው?

አዲስ ልብ ወለድ በወጣ ሰሞን ሁለት የሚተዋወቁ አንባቢዎች ሲገናኙ ወሬው የሚጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ማንን ነው የጻፈው?» ቋንቋው ይጥማል ወይ፣ ታሪኩ ይይዛል ወይ የሚሉት ቆየት ብለው ይመጣሉ። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ያ ሰካራም ሐኪም ማን እንደሆነ፣ ያቺ ሦስት ባል የፈታች ነጋዴ የየትኛው ሰፈር ሴት እንደሆነች ነው። መልሱን የሚያውቅ ደግሞ አይጠፋም። ዙሪያውን ገልመጥ ያደርግና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ስም ይጠራል። ጠያቂው «አሃ!» ይላል። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ እንደተነበበ ይቆጠራል።

እንደ ተራ ሐሜት ቆጥሬ ልተወው ብል አልተወኝም። ስለ አንድ አዲስ መጽሐፍ ጥቂት ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ይኸው ጥያቄ ቀድሞኝ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ እኔም እጠይቀዋለሁና። አንባቢም ከሂስ ጸሐፊ የሚጠብቀው፣ አፍ አውጥቶ ባይናገረውም፣ ይህንኑ ነው። እሱ ያላወቀውን ስም ሌላው ደርሶበት ይሆናል ብሎ ነው ጽሑፉን የሚያነበው። የጥንት መጽሐፍ ሲሆን ጥያቄው ይደበዝዛል። አፈወርቅ ገብረኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ወንድ መስላ የምትጓዘዋ ጦቢያ የማን ልጅ ነበረች ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ የለም። በሕይወት ያለ፣ ትናንት ማኪያቶ ሲጠጣ ያየነው ሰው የጻፈው ሲሆን ግን ከእያንዳንዱ ገጽ ጀርባ የምናውቀው ሰው የተደበቀ ይመስለናል። የዘመንን ልብ ወለድ ማንበብ የሚከብደውም የሚጣፍጠውም በዚህ ነው።

ጥያቄው በአገራችን የቡና ላይ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ሕይወት አስከፍሏል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያወጣ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበር። ያሳተመለትም ኩራዝ፣ የመንግሥቱ አሳታሚ ድርጅት ነው። ታሪኩ ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የ1974ቱን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ይከተላል። ፀጋዬ ኃይለማርያም የሚባል የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ወደ አስመራ ይዘምታል፤ እዚያ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል፤ ዘመቻውም ፍቅሩም በየፊናቸው መጨረሻቸው ሳያምር ይቀራል። በዓሉ ራሱ ዘመቻው ላይ ነበር። መጽሐፉ ገበያ እንደገባ ከተማው እንደ ልማዱ ጠየቀ፤ መልስም አላጣም። ገጸ ባሕርያቱ ላይ ያሉትን ባለሥልጣናት ይመስላሉ ተባለ፣ ስም ከስም ተዛመደ። ብዙ ሳይቆይ መጽሐፉ ከየመደብሩ ተለቅሞ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የደራሲው ድፍረትና የመንግሥቱ ጭካኔ ነው። ተገቢ ነው። የእኔ ሐሳብ ግን ወደ ንባቡ ይሄዳል። ያለ ፈቃድ አንዲት ገጽ በማይታተምበት ዘመን መጽሐፉ ታትሟል፤ እንግዲያው አንብበው ያሳለፉት ዓይኖች ነበሩ ማለት ነው። የመጀመሪያው ንባብ አላስቆመውም። ያስቆመው ሁለተኛው፣ ስም ፍለጋው ነው። ይህ ሁለተኛ ንባብ ደግሞ በዘዴው ከቡና ላይ ጨዋታው ንባብ አይለይም። አንዱ ስሙን ሲያገኝ ይስቃል፣ ሌላው ስሙን ሲያገኝ ይቆጣል፤ ሁለቱም ልብ ወለዱን እንደ መጋረጃ ገልጠው ከበስተኋላ የቆመውን ሰው ይፈልጋሉ። ሳንሱር ክፉ አንባቢ ነበር እንላለን። ክፉስ ክፉ ነበር፤ ሰነፍ ግን አልነበረም፤ ከእኛ የተለየ ጥያቄም አልጠየቀም። ይህን ሳስብ ደስ አይለኝም።

በዓሉ ለዚህ ዓይነት ንባብ ራሱ በር ከፍቷል የሚሉ አሉ። በ1972 ዓ.ም. «ደራሲው» ሲወጣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲራክ ከስብሐት ገብረእግዚአብሔር የተቀዳ ነው ተብሎ ተወራ፤ እስከ ዛሬም ይወራል። ስብሐትን በአካል ወይም በጽሑፉ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማወቅ የራሱ ደስታ አለው፤ አልክድም። ነገር ግን ስብሐትን ፍለጋ መጽሐፉን የገለጠ ሰው ስብሐትን ያገኝና ሲራክን ያጣል። አንድ ሰው መጻፍ እንጂ ሌላ ነገር የማያምርበት ሲሆን ኑሮው ምን እንደሚሆን፣ ድርሰት ከቤቱና ከትዳሩ ምን እንደሚነጥቅ፣ ይህ ሁሉ «ስብሐት እንዲህ ነበር፣ እንዲህ አልነበረም» በሚል ክርክር ሥር ተቀብሮ ይቀራል።

የጥያቄውን መነሻ መርሳት ግን አይገባም። ጋዜጣ እውነቱን በማይጽፍበት አገር ልብ ወለድ የጋዜጣን ሥራ ደርቦ ይሠራል። በንጉሡም ጊዜ፣ በደርግም ጊዜ፣ ከዚያም ወዲህ፣ ሰው የሚያውቀውንና በአደባባይ ሊናገረው ያልቻለውን ነገር በተፈጠረ ሰው አንደበት ሲነገር ሲሰማ እፎይ ይላል። «ማንን ነው የጻፈው?» የሚለው አንባቢ ከልቡ የሚለው «እኔ ያየሁትን አንተም አይተኸዋል?» ነው። የሚፈልገው ምስክር ነው። ቅኔ የለመደ ሕዝብ ስለሆንን ነው የሚል ማብራሪያም ይሰጣል። ሰምና ወርቅ፣ ሰምና ወርቅ እያልን ለምናደርገው ነገር ሁሉ ይህችኑ ምክንያት ስናቀርብ እኔን ይሰለቸኛል። የቅኔ ሰው እኮ ወርቁን ካገኘ በኋላ ሰሙን አይጥለውም፤ ሁለቱ እንዴት እንደገጠሙ ነው ተቀምጦ የሚያደንቀው። እኛ ወርቁን ይዘን የምንሮጥ ሆነናል።

ጥያቄው መጽሐፍን የሚበድልበትን ቦታ ያሳየኝ ጉዱ ካሳ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያወጡ ጉዱ ካሳን ማንን አይተው እንደጻፉት የጠየቀ አንባቢ ሳይኖር አይቀርም። ዛሬ የሚጠይቅ የለም። ነገሩ ተገላብጧል። በመሥሪያ ቤትም በመንደርም ሌላው አጎንብሶ የተቀበለውን ብቻውን የሚሞግት፣ ሰው እብድ የሚለው አስተዋይ ሲገኝ «ይሄ ጉዱ ካሳ!» ይባላል። ሰውየው የገጸ ባሕርዩ ማብራሪያ መሆኑ ቀርቶ ገጸ ባሕርዩ የሰውየው ማብራሪያ ሆኗል። መጽሐፉን በእጃቸው ሳይዙ በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ብቻ የሰሙት ሁሉ እንዲህ ይላሉ። የዚያው መጽሐፍ ፊታውራሪ መሸሻም ቢሆኑ እንደዚያው ናቸው፤ ቁጣቸውንና ኩራታቸውን በስንቱ አባወራ ላይ አይተናል። ለልብ ወለድ ከዚህ የሚበልጥ መለኪያ አላውቅም፦ ከመጽሐፉ ወጥቶ በዙሪያችን ያለውን ሰው የሚያሳየን ሰው መፍጠሩ። ይህ ግን በወጣ ሰሞን አይታወቅም። ስለ አዲስ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ጭንቀቱ እዚህ ላይ ነው። ጊዜ ሃምሳ ዓመት ወስዶ የሚያጣራውን እሱ በአሥራ አምስት ቀን እንዲያጣራ ይጠየቃል።

«ኦሮማይ» ዛሬ በዚህ መንገድ እኩሌታ ላይ የደረሰ ይመስለኛል። ከደርግ ውድቀት በኋላ እንደገና ታትሞ የደረሳቸው ወጣቶች እነዚያን ባለሥልጣናት አያውቋቸውም። ሽማግሌ ጠይቀው ስሞቹን ቢሰሙ እንኳ ስሞቹ ምንም አይነግሯቸውም። ታዲያ ምን ያነባሉ? ሥራውን በትጋት የሚሠራ፣ በሥራውም የሚያምን፣ ቀስ በቀስ ግን ለምን እና ለማን እንደሚሠራ የሚጠፋበት ጋዜጠኛ ያነባሉ። ልቡ በሁለት ሴቶች መካከል ብቻ ሳይሆን በሁለት ከተሞች መካከል የተከፈለ ሰው ያነባሉ። ማን ለማን እንደሚሰልል በማይታወቅበት ከተማ ፍቅር እንዴት እንደሚያዝ ያነባሉ። የናቅፋን ውጊያ ያነባሉ። እነዚህ ወጣቶች መጽሐፉን ከአባቶቻቸው አሳንሰው አነበቡት የሚል ካለ አልስማማም። አባቶቻቸው በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉት ሌላ የሚያሳስባቸው ነገር ነበር፤ ስም ይፈልጉ ስለነበር ፀጋዬን በጥድፊያ አልፈውታል።

በፈረንጆቹ 2025 ደግሞ መጽሐፉ በዴቪድ ዴጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ወጣ። ለንደን ተቀምጦ ያነበበው ሰው ፊያሜታን ያለ ማንም ሹክሹክታ አገኛት። እንዴት ያለ ዕድል ነው ብዬ ቀንቼ ነበር፤ ግን ቅናቴ አልቆየም። ስለ ትርጉሙ ከተጻፉት ውስጥ ብዙዎቹ የሚጀምሩት በደራሲው መጥፋት ነው። አሳታሚም ጋዜጣም ይህን ማስቀደሙ አይገርምም፤ በዓሉም ሊታወስ ይገባዋል። ሆኖም አንባቢው ገና ገጽ አንድን ሳይገልጥ መጽሐፉ የወንጀል ማስረጃ ሆኖ ይጠብቀዋል። እኛ ከልብ ወለዱ ጀርባ ሚኒስትሮቹን እንፈልግ ነበር፤ እነሱ ደራሲውን ይፈልጋሉ። ጥያቄው አገር ቀየረ እንጂ አልቀረም።

በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ልጆቻችንም ከዚህ አላመለጡም። መዓዛ መንግሥቴ በፈረንጆቹ 2019 ያወጣችው፣ በማግስቱ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ የገባው «ዘ ሻዶው ኪንግ» በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለተዋጉ ሴቶች ነው። መጽሐፉ ውስጥ «ምንም» የሚባል፣ መልኩ ጃንሆይን የሚመስል ገበሬ አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው ሲወጡ እሱን እንደ ንጉሥ አልብሰው ለአርበኛው ያሳዩታል። የእኛ ሰው «ይሄ በታሪክ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የውጭው ሰው «ኢትዮጵያ እንዲህ ነበረች ወይ?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄ መጥፎ አይደለም፤ ግን መጽሐፉ ሌላ ነገር ላይ ተጠምዷል። ኤቶሬ የሚባል ጣሊያናዊ ወታደር በትእዛዝ ምርኮኞችን ፎቶግራፍ ያነሳል፤ በየመካከሉም እነዚያ ፎቶግራፎች በቃል ብቻ ይገለጹልናል። ከተዋጊዎቹ ሴቶች አንዷ ሂሩት በካሜራው ፊት ስትቆም በማን ዓይን እያየናት እንደሆነ ደራሲዋ ደጋግማ ትጠይቀናለች። በጠላቷ ዓይን ነው? በደራሲዋ? በእኛ? ስለዚህ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ይህን ካላነሳ ምን አነበበ?

ዲናው መንግሥቱም እንደዚሁ። በፈረንጆቹ 2007 በወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ውስጥ ዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል አካባቢ ትንሽ ግሮሰሪ የያዘ ኢትዮጵያዊ ስደተኛና ሁለት አፍሪካውያን ጓደኞቹ ማታ ማታ አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። አንዱ የአምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌላው አገሩንና መፈንቅለ መንግሥቱ የተደረገበትን ዓመት ይመልሳል። የዲሲን ሐበሻ ሕይወት ማወቅ የፈለገ አንባቢ ይህን ጨዋታ እንደ ቀልድ ያልፈዋል። እኔ ግን መጽሐፉ ሁሉ እዚያች ጨዋታ ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ ሦስት ሰዎች ሕይወታቸውን ያበላሸባቸውን ነገር የጥያቄና መልስ ውድድር አድርገው ካልሆነ በቀር ሊያወሩት አይችሉም።

እንግዲህ ስም ካልጠየቅን ምን እንጠይቅ? እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱን ጥያቄ ይዞ ስለሚመጣ ለሁሉም የሚሆን ዝርዝር የለኝም። በአማርኛ ሲሆን ግን እኔ ከሁሉ በፊት ጆሮዬን የምጥልበት አንድ ቦታ አለ፦ ሰዎቹ እንዴት እንደሚጠራሩ። ቋንቋችን ለደራሲ ያወረሰው ትልቅ ሀብት ይሄ ነው። አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ፣ እትዬ፣ ጋሼ፣ እሜቴ፤ ሁሉም ማን ከማን በላይ እንደቆመ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ማን ለማን ቅርብ እንደሆነ ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ ይናገራሉ። ባል ሚስቱን አሥራ ሁለት ዓመት «አንቺ» ሲላት ኖሮ አንድ ማለዳ «እርስዎ» ቢላት ያ ቤት ፈርሷል፤ ደራሲው መፍረሱን ለመግለጽ ሌላ ገጽ መጻፍ አያስፈልገውም። የቤት ሠራተኛዋ «እትዬ» ማለት ያቆመችባት ቀን በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ከአብዮት ሊበልጥ ይችላል። ይህን የሚያውቁ ደራሲዎች አሉን። ብዙዎቹ አዳዲስ ልብ ወለዶች ግን ይህን ሀብት ሜዳ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። የመንዙ ገበሬ፣ የቦሌዋ ወጣት፣ ጡረታ የወጣው ሻለቃ ሁሉም የዜና አንባቢ አማርኛ ይናገራሉ፤ ማን እንደተናገረ የምናውቀው «አለ» እና «አለች» ሲመጣ ነው። የእነዚህ ሰዎች ማንነት ቢነገረን ምን ይጠቅመናል? ድምፅ የሌለው ሰው ከማን ቢቀዳ ያው ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ማንሳት የሚቻልበት ቦታ ጠባብ ነው። ብዙ ጊዜ ስለ አዲስ መጽሐፍ የሚነገረው በምረቃው ዕለት ነው። አዳራሽ ይያዛል፣ አንድ ተዋናይ ከመጽሐፉ ቅንጭብ ያነባል፣ መሰንቆ ወይም በገና ይኖራል፣ መጽሐፉ ከጥቂት ቀን በፊት የደረሰው መምህር ዳሰሳ ያቀርባል፣ በር ላይ መጽሐፉ እየተሸጠ ደራሲው ይፈርማል። በዚህ የሚሳለቁ አሉ፤ እኔ አልሳለቅም። አብዛኛው ደራሲ ያሳተመው በራሱ ገንዘብ ነው፤ ማተሚያ ቤቱን የከፈለው ተበድሮ ወይም ዕቁቡን አስቀድሞ ወስዶ ሊሆን ይችላል። ምረቃ ሰርግ ነው፤ በሰርግ ላይ የሙሽራዋን እንከን የሚቆጥር እንግዳ የለም፣ ሊኖርም አይገባም። የሚያሳዝነው ከሰርጉ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ መጽሐፉ የሚጽፍ ከተገኘ ወይ የደራሲው ወዳጅ ነው፣ ወይ ቂም ያለበት። የመጀመሪያው መጽሐፉን ሳያነብ ሊያመሰግነው ይችላል፤ ሁለተኛው ሳያነብ ሊሰድበው ይችላል። ከተማችን ትንሽ ናት፤ የጻፍክበት ሰው ነገ ልቅሶ ቤት አጠገብህ ይቀመጣል። ስለዚህ ጨዋ ሰው ዝም ይላል። ይህን ጨዋነት አከብራለሁ፤ መጻሕፍቱን ግን እየገደላቸው ነው።

ለዚህ ዝምታ አዳም ረታን የሚያህል ምሳሌ አይገኝም፤ ብዙ ይወራለታልና ነገሩ ግራ ያጋባል። «ግራጫ ቃጭሎች» በ1997 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ስለ አዳም የሚነገረው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን «አይገባም» ይላል፤ ሌላኛው «ሊቅ ነው» ይላል። ሁለቱም መጽሐፉን አስቀምጠው የሚሄዱ ሰዎች ንግግር ነው። የማይገባ ከሆነ ማንበብ አያስፈልግም፤ ሊቅ ከሆነም መመርመር አያስፈልግም። አዳም አጻጻፉን ሕፅናዊነት ብሎ ሰይሞታል፤ በአንዱ ታሪክ ዳር ላይ ያለፈ ሰው በሌላው መሐል ቤት ተቀምጦ ይገኛል፣ ትንሹ ነገር ከሩቁ ነገር ጋር ይያያዛል። ቃሉን የሚደጋግሙት ብዙ ናቸው፤ ከየትኛው ገጽ ወደ የትኛው ገጽ እንደሚያሻግር የሚያሳዩት ግን ጥቂት። የርዕሶቹን ነገር ብቻ እንኳ ተመልከቱ፦ «አለንጋና ምስር»፣ «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ»፣ «መረቅ»፣ «ከሰማይ የወረደ ፍርፍር»። ይህ ሰው ትውስታን በምላስና በአፍንጫ ነው የሚይዛት። ከዚህ ብቻ ተነሥቶ አንድ ረጅም ሂስ መጻፍ ይቻላል።

«ማንን ነው የጻፈው?» የሚለው ጥያቄ አዳም ፊት ሲደርስ ይሰናከላል፤ እኔ እሱን የምወድበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሰዎቹ ታላላቅ ሰዎች አይደሉም። ከጀርባቸው ሚኒስትር የለም። ሰፈር ነው ያለው፣ ጓዳ ነው ያለው፣ የደርግ ዘመን ወረፋና ፍርሃት ነው ያለው። አንባቢው ስም ፍለጋ ቢሄድ ራሱን ያገኛል። በአድናቆት ብቻ እንዳላልፍ ደግሞ ልናገር፦ ረጃጅሞቹ መጻሕፍቱ ላይ፣ በተለይ «የስንብት ቀለማት» ላይ፣ ዝርዝሩ ታሪኩን የሚውጥበት ጊዜ አለ ባይ ነኝ። አጫጭሮቹ ላይ ያ ሁሉ ሽታና ቀለም አንድ ቦታ ስለሚታሰር ይበልጥ ይወጋል። የሚቃወመኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቢቃወመኝም ደስ ይለኛል፤ ገጽ ጠቅሶ ይምጣ።

ተመሳሳይ ነገር ቀደም ብሎ በዳኛቸው ወርቁ ላይ ደርሷል። «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ አስቸጋሪ ተባለ፤ የታሪኩ አካሄድ፣ የቃላቱ ጥልቀት፣ የሰዎቹ ሙግት አንባቢውን አደከመው። ዛሬ የአማርኛ ልብ ወለድ የተለወጠበት መጽሐፍ ነው የማይል መምህር አይገኝም። ነገር ግን በልብ ወለዱ ውስጥ ወይዘሮ አሰጋሽ እንዴት እንደምትናገር፣ ሌሎቹ ሰዎች ዝም ሲሉ ዝምታቸው ምን እንደሚመስል የሚነግረኝ ሰው ስፈልግ የማገኘው በጣት የሚቆጠር ነው። መጽሐፉ ከአስቸጋሪነት ወደ ታላቅነት የተሻገረው መሐል ላይ ሳይነበብ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ክብር ከገበያ ከመሰብሰብ ብዙ አይሻልም። የተሰበሰበ መጽሐፍ ቢያንስ ሰው ይፈልገዋል።

መሰልቸትም ቢሆን ሊጻፍ ይገባዋል። አንድ መጽሐፍ ገጽ ሰማንያ ላይ ከእጄ ከወደቀ፣ ለምን እዚያ ላይ እንደወደቀ ማወቅ የእኔ ሥራ ነው፤ ደራሲው እዚያ ላይ ገጸ ባሕርዩን ትቶ ራሱ መስበክ ጀምሮ ይሆናል፣ ወይም እኔ ደክሞኝ ይሆናል። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ተመልሶ በማንበብ ነው። ሂስ የሚጽፍ ሰው ከሌላው አንባቢ የሚለየው ብዙ ስለሚያውቅ አይመስለኝም። ተመልሶ ለማንበብ ጊዜ የሰጠ በመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ንባብ የታሪኩ ነው፤ ምን ይሆን ይሆን እያልን እንሮጣለን። ሁለተኛው ላይ መጨረሻውን ስለምናውቅ ዓይናችን ወደ አሠራሩ ይዞራል፤ ደራሲው ምን እንደደበቀ፣ መቼ እንደቸኮለ፣ የትኛውን ሰው ሳይወደው እንደጻፈው እናያለን። ደራሲ የማይወደውን ሰው ሲጽፍ ያስታውቃል፤ ያ ሰው ሲበላም ሲተኛም ክፉ ነው።

ጋዜጦችና መጽሔቶች ለአዲስ ልብ ወለድ ቦታ እንዲሰጡ መጠየቅ የተለመደ ልመና ነው፤ እኔም ለምኛለሁ፣ እዚህ አልደግመውም። ልመናዬ ወደ አንተ፣ ወደ አንቺ ወደ አንባቢው ነው። ዘንድሮ ከወጡት ልብ ወለዶች አንዱን፣ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ደራሲ የጻፈው ቢሆን ይመረጣል፣ ከአዟሪም ከመደብርም ግዙና እስከ መጨረሻው አንብቡ። ማንን እንደጻፈ የሚነግራችሁ ሰው ቢመጣ ሳትጨርሱ አታስወሩት። ስትጨርሱ ለደራሲው ሁለት መስመር ላኩለት፦ የትኛው ገጽ ላይ ቆም እንዳላችሁ፣ የትኛው ገጽ ላይ እንደሰለቻችሁ። ሙገሳ አይጨመርበት፣ ስድብም አይጨመርበት፤ የገጹ ቁጥርና ምክንያቱ ይበቃል። የብዙዎቹ ስልክ ቁጥር ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ታትሟል።